በቤት ኔትወርክ ላይ ኮምፒውተሮች ፋይል እንዲጋሩ ማድረግ

«ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ታዲያ ለምን አይተያዩም?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ ይመጣል። አንዱ ሌላውን ኮምፒውተር ጭራሽ ሊያገኘው አልቻለም። ሌላው አግኝቶታል፤ ግን ፓስዎርድ ይጠይቀዋል፣ የሚያውቀውን ሁሉ ቢጽፍም አያስገባውም። ሦስተኛው ደግሞ ገብቶ ፋይሎቹን ያያል፣ የራሱን ማስቀመጥ ሲሞክር ግን ይከለከላል።

እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንድ ኮምፒውተር በኔትወርክ በኩል ሌላው ላይ ያለ ፎልደር ውስጥ እንዲገባ መጀመሪያ ያኛው ጥሪውን መቀበል አለበት፤ ከዚያ የሚገባው ማን እንደሆነ በስምና በፓስዎርድ መታወቅ አለበት፤ በመጨረሻም ለዚያ ስም በፎልደሩ ላይ ፈቃድ መሰጠት አለበት። ብዙ ሰው መላ ሲጠፋው ፋየርዎሉን (ከኔትወርክ የሚመጣ ጥሪን የሚያጣራውን ጥበቃ) ያጠፋል፣ የፓስዎርድ ጥያቄውንም ይዘጋል። ይህን አታድርጉ። አደገኛ ከመሆኑም በላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ያለ ፓስዎርድ በእንግድነት መግባትን በራሱ አይቀበልም። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ትንሽ ረዘም ይላል፤ አንዴ ከተሠራ ግን አያስቸግርም።

ፋይሎቹ ያሉበትን ኮምፒውተር «ሰጪ»፣ ከሩቅ የሚገባውን «ተቀባይ» እላለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያላቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ኮምፒውተሮች። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ ምርጫ ካላችሁ ሰጪው ዊንዶውስ 11 ያለው ይሁን።
- ሁሉም የሚገናኙበት አንድ ራውተር። ኢንተርኔት መኖሩ የግድ አይደለም፤ ፋይሉ ከቤት አይወጣም።
- በሰጪው ኮምፒውተር ላይ የአድሚኒስትሬተር መብት።
- ትልልቅ ፋይል የምታመላልሱ ከሆነ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ የኔትወርክ ኬብል፣ ካት 5ኢ ወይም ከዚያ የተሻለ።
- አድራሻ፣ ስምና ፓስዎርድ የምትጽፉበት ወረቀት።

በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት መደበኛው ዊንዶውስ ይቀበላል፤ ለቤት ከበቂ በላይ ነው።

ደረጃ 1፦ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ

በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ሴቲንግስ > ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ግቡና የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ወይም ኢተርኔት ክፈቱ። «አይፒቪ4 አድሬስ» የሚለውን ቁጥር ጻፉ። አንዱ 192.168.1.20፣ ሌላው 192.168.1.35 ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከተመሳሰሉ፣ ጥሩ ነው።

አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር አለ፣ እያንዳንዱም የየራሱን ኔትወርክ ፈጥሯል ማለት ነው። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ከአንደኛው ራውተር ጋር አገናኙ፤ ወይም ሁለተኛውን ራውተር የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት «አክሰስ ፖይንት ሞድ» ላይ አድርጉት። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን ሳታስተካክሉ ወደ ፊት አትሂዱ።

«ጌስት» የተባለ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ካላችሁ ውጡ። የእንግዳ ዋይፋይ የተሠራው ተጠቃሚዎቹ ኢንተርኔት እንዲያገኙ፣ እርስ በርስ ግን እንዳይገናኙ ነው። በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ዋናው ዋይፋይም «ኤፒ አይሶሌሽን» የሚባል ተመሳሳይ ክልከላ ይኖረዋል፤ በራውተሩ ሴቲንግ ገብታችሁ አጥፉት።

ደረጃ 2፦ ኔትወርኩን ፕራይቬት አድርጉት

እዚያው ገጽ ላይ «ኔትወርክ ፕሮፋይል ታይፕ» በሚለው ሥር «ፕራይቬት ኔትወርክ» ምረጡ። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ «ፐብሊክ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ እንደ ሆቴል ወይም ካፌ ዋይፋይ ቆጥሮ ከውጭ የሚመጣ ጥሪን ሁሉ ይዘጋል። «አይተያዩም» ከሚለው ቅሬታ ትልቁ ድርሻ ከዚህ ይመነጫል። ራውተር ስትቀይሩ ወይም የዋይፋዩን ስም ስትለውጡ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ኔትወርክ ስለሚያየው ይህን ደረጃ ትደግሙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሼሪንግን ክፈቱ

በዊንዶውስ 11፦ ሴቲንግስ > ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት > አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ > አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ። በዊንዶውስ 10፦ ኮንትሮል ፓናል > ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር > ቼንጅ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ።

- በፕራይቬት ሥር፦ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» ይከፈቱ።
- በፐብሊክ ሥር፦ ሁለቱም ይዘጉ። ላፕቶፑን ይዛችሁ ስትወጡ ፎልደራችሁ ለማንም እንዳይታይ የሚያደርገው ይህ ነው።
- በኦል ኔትወርክስ ሥር፦ «ፐብሊክ ፎልደር ሼሪንግ» ይዘጋ፤ «ፓስዎርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ» ክፍት ይሁን።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ከዚህ ምርጫ ጋር ራሱን ያስተካክላል፤ በእጃችሁ የምትነኩት ነገር የለም። የራሱ ፋየርዎል ያለው ሌላ አንቲቫይረስ ከጫናችሁ ግን እዚያም ውስጥ የቤታችሁን ኔትወርክ «የታመነ» ወይም «ፕራይቬት» ማለት ይኖርባችኋል።

ደረጃ 4፦ ለሰጪው ቋሚ ስምና ቋሚ አድራሻ

ሴቲንግስ > ሲስተም > አባውት > ሪኔም ዚስ ፒሲ። ስሙ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ከ15 ፊደል ያልበለጠ ይሁን። ለምሳሌ «ሳሎን» ልንለው እንችላለን (እዚህ በአማርኛ የምጽፋቸውን የኮምፒውተር፣ የአካውንትና የፎልደር ስሞች እናንተ ሁሌም በላቲን ፊደል ጻፏቸው)። ለውጡ የሚጸናው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው።

ስም ብቻውን አይበቃም። ራውተሩ አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ዛሬ 192.168.1.20 የነበረው ኮምፒውተር ነገ 192.168.1.27 ሊሆን ይችላል፤ በአድራሻ የተሠራ ግንኙነት ሁሉ ያኔ ይቋረጣል። በራውተሩ ገጽ «ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን» ወይም «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚለውን ፈልጋችሁ ለሰጪው ኮምፒውተር አንድ አድራሻ አስይዙ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ አድራሻውን በእጅ ከመጻፍ ይህ ይሻላል፤ በእጅ የተጻፈው ቁጥር ራውተሩ ለሌላ ዕቃ ከሚሰጠው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሰጪው በዋይፋይ የሚገናኝ ከሆነ በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ «ራንደም ሃርድዌር አድሬስስ» መጥፋቱን እዩ፤ ራውተሩ ኮምፒውተሩን የሚለየው በሃርድዌር አድራሻው ነውና እሱ ከተለዋወጠ የተያዘው ቦታ ትርጉም ያጣል።

ደረጃ 5፦ ለሼር ብቻ የሚሆን አካውንት ክፈቱ

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው፤ «ትክክለኛውን ፓስዎርድ ጽፌ እንኳ አያስገባኝም» የሚለው እሮሮም ከዚሁ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን የሚከፍተው በፒን ወይም በጣት አሻራ ነው። ፒን ግን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ፓስዎርድ የሌለው አካውንትም ቢሆን ዊንዶውስ በኔትወርክ እንዲገባ አይፈቅድለትም።

ስለዚህ በሰጪው ላይ ሴቲንግስ > አካውንትስ > አዘር ዩዘርስ > አድ አካውንት ግቡ። በዊንዶውስ 10 ቦታው «ፋሚሊ ኤንድ አዘር ዩዘርስ» ይባላል። ኢሜይል ሲጠይቃችሁ የሰውዬው መግቢያ መረጃ እንደሌላችሁ የሚገልጸውን መስመር ተጫኑ፤ በሚቀጥለው ገጽ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ተጠቃሚ መጨመርን ምረጡ። ስሙን በላቲን ፊደል፣ ለምሳሌ «ተጋሪ» በሉት። ቢያንስ 12 ፊደል ያለው ፓስዎርድ ስጡትና ወረቀቱ ላይ ጻፉ። «ስታንዳርድ ዩዘር» እንደሆነ ይቅር፤ አድሚኒስትሬተር አታድርጉት። ፓስዎርዱ አንድ ቀን ለማይገባው ሰው ቢደርስ የሚከፈትለት ያቺ ፎልደር ብቻ ትሆናለች።

ደረጃ 6፦ ፎልደሩን ለብቻው ፍጠሩ

ዲ ድራይቭ ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ በሲ ድራይቭ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የጋራ» የሚባል አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። የፎልደሩን ስምም አጭርና በላቲን ፊደል ብታደርጉት ከስልክም ሆነ ከሌላ ሲስተም ስትገቡ አያስቸግርም። ውስጡ ያሉት ፋይሎች ግን የአማርኛ ስም ቢኖራቸው ችግር የለውም።

ዶክመንትስን ወይም ዴስክቶፕን በቀጥታ ሼር አታድርጉ። በአጭሩ የሼር መንገድ ዶክመንትስን ስትሰጡ ዊንዶውስ ከበላዩ ያለውን «ዩዘርስ» ፎልደር ነው በኔትወርኩ ላይ የሚያወጣው። ከዚህም ሌላ እነዚህ ፎልደሮች ብዙ ጊዜ ከዋንድራይቭ (ከማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አንዳንዱ ፋይል ስሙ ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ይዘቱ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ሊከፍተው ሲሞክር ይሰናከላል።

ደረጃ 7፦ ሁለቱንም ፈቃዶች ስጡ

ዊንዶውስ በአንድ ፎልደር ላይ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይመለከታል፦ አንዱ በኔትወርክ ለሚመጣው የሚሰጥ፣ ሌላው ዲስኩ ላይ ላለው ፎልደር ራሱ የሚሰጥ። ሁለቱ ሲለያዩ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። «አየዋለሁ፣ ማስቀመጥ ግን አልችልም» የሚል ሰው አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የረሳ ነው።

ሀ. ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ > ፕሮፐርቲስ > ሼሪንግ > አድቫንስድ ሼሪንግ። «ሼር ዚስ ፎልደር» ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ «ፐርሚሽንስ» ተጫኑ። «ኤቭሪዋን» የሚለውን አስወጡ። «አድ» ብላችሁ «ተጋሪ» ጻፉ፣ «ቼክ ኔምስ» ተጫኑ፤ ስሙ ከሥሩ ከተሰመረበት ተገኝቷል ማለት ነው። «ቼንጅ» እና «ሪድ» ላይ ምልክት አድርጉ። «ፉል ኮንትሮል» አያስፈልግም፤ እሱ ፈቃዱን ራሱን የመለወጥ ሥልጣን ይጨምራል።

ለ. በዚያው መስኮት «ሴኪዩሪቲ» > ኤዲት > አድ። እንደገና «ተጋሪ» ጨምሩና «ሞዲፋይ» ላይ ምልክት አድርጉ።

ተቀባዩ እንዲያይ ብቻ፣ እንዳይነካ ከፈለጋችሁ በ«ሀ» ላይ «ሪድ» ብቻ ተዉ። የቤተሰብ ፎቶ ለመሰለ የማይተካ ነገር እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ደረጃ 8፦ ሰጪው እንዳይተኛ

የተኛ ኮምፒውተር ጥሪ አይመልስም። ሴቲንግስ > ሲስተም > ፓወር ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ የሚተኛበትን ጊዜ «ኔቨር» በሉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለም። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ኮንትሮል ፓናል > ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ከተቀባዩ ግቡ

ፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱ። በላይኛው የአድራሻ መስመር ላይ ያለውን አጥፍታችሁ እንዲህ ጻፉ፣ ከዚያ ኢንተር፦

\\192.168.1.20

ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሁለት ሰረዞች ናቸው፤ የድረ ገጽ አድራሻ ላይ የምናያቸው ወደ ፊት ያዘነበሉት አይደሉም። በግራ በኩል ያለው «ኔትወርክ» ውስጥ የኮምፒውተሩ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ። ዝርዝሩ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሞላም፤ አድራሻውን በቀጥታ መጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ስምና ፓስዎርድ ሲጠይቃችሁ ስሙን «ሳሎን\ተጋሪ» በሚል መልክ ጻፉ፦ የሰጪው ኮምፒውተር ስም፣ ሰረዝ፣ የአካውንቱ ስም። ይህን የምታደርጉት አካውንቱ የሰጪው እንጂ የተቀባዩ እንዳልሆነ ለዊንዶውስ በማያሻማ ሁኔታ ለመንገር ነው። «ሪሜምበር ማይ ክሬደንሻልስ» ላይ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 10፦ እንደ ድራይቭ አስቀምጡት

«ዚስ ፒሲ» ላይ ራይት ክሊክ > ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ (በዊንዶውስ 11 መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ሊያስፈልግ ይችላል)። ዜድ የሚለውን ፊደል ምረጡ፤ ከፊደላቱ መጨረሻ መጀመር የሚሻለው ፍላሽ ስትሰኩ ዊንዶውስ ቀደም ያሉትን ስለሚወስድ ነው። በፎልደር መስመሩ \\192.168.1.20\የጋራ ብላችሁ «ሪኮኔክት አት ሳይን-ኢን» ላይ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 11፦ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ፈትኑ

ከተቀባዩ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ዜድ ውስጥ ፍጠሩ። ክፈቱት፣ አንድ መስመር ጨምራችሁ አስቀምጡ፣ ሰጪው ላይ መታየቱን እዩ፣ ከዚያ አጥፉት። መክፈት፣ መጻፍና ማጥፋት የተለያዩ ፈቃዶች ስለሆኑ አንዱ መሥራቱ ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። በመጨረሻ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች አጥፍታችሁ አስነሡና ዜድ ተመልሶ መምጣቱን አረጋግጡ።

ፍጥነት

በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ የኬብል መስመር በተግባር 11 ሜጋባይት ገደማ ያደርሳል፤ 10 ጊጋባይት ፋይል ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ጊጋቢት መስመር 110 ሜጋባይት ገደማ ስለሚያደርስ ያንኑ በደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል፤ ሃርድ ዲስኩ እስከቻለ ድረስ። ራውተሩም ኮምፒውተሮቹም ጊጋቢት ሆነው ፍጥነቱ 11 ላይ ከቆመ ኬብሉን ጠርጥሩ፦ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ አንዱ ከተቆረጠ ግንኙነቱ ሳይጠፋ በአራት ሽቦ ወደሚሠራው 100 ሊወርድ ይችላል።

በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ከአንድ ትልቅ ፋይል በጣም ይዘገያሉ፤ ለእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ስላለ ነው። ዚፕ አድርጋችሁ ብትልኩ ይፈጥናል።

ማስጠንቀቂያ

- ከተቀባዩ ሆናችሁ ዜድ ውስጥ ያጠፋችሁት ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ።
- የጋራ ፎልደር መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ተቀባዩ ላይ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ፣ የመጻፍ ፈቃድ ያለውን ዜድንም አብሮ ይቆልፋል። ሥራ ሲያልቅ የሚነቀል ውጫዊ ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ ይኑራችሁ።
- ራውተሩ ላይ 445 ቁጥር ፖርትን ወደ ውጭ አትክፈቱ። ፋይል መጋሪያው የሚሠራው በዚህ ፖርት ነው፤ ከኢንተርኔት ከተከፈተ ፓስዎርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ያለማቋረጥ ያንኳኩታል። ከውጭ ሆናችሁ መግባት ከፈለጋችሁ ቪፒኤን (ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ተጠቀሙ።
- «ኤስኤምቢ 1ን አብሩት» የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት። ኤስኤምቢ ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራበት ስልት ነው፤ 1 የመጀመሪያው እትሙ ነው። ዊንዶውስ ያጠፋው ስላረጀና ቀዳዳ ስላለው ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ዋናክራይ የተባለ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ የገባው በእሱ በኩል ነበር። «ሆምግሩፕ» (የድሮውን የዊንዶውስ የቤት ውስጥ መጋሪያ) ክፈቱ የሚሉ መመሪያዎችም አሁን አይሠሩም፤ ከዊንዶውስ 10 ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

*«የኔትወርክ መንገዱ አልተገኘም» ይላል።* ጥሪው ሰጪው ዘንድ አልደረሰም። ሰጪው ተኝቶ እንደሆነ፣ አድራሻው ተቀይሮ እንደሆነ፣ ኔትወርኩ ወደ ፐብሊክ ተመልሶ እንደሆነ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። በአድራሻ ገብቶ በስም እምቢ ካለ ስሙን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ክፍል ነው የታመመው፤ በአድራሻው ቀጥሉ።

*ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ደጋግሞ ይጠይቃል።* ምናልባት ከዚህ በፊት የተሳሳተ ፓስዎርድ አስቀምጦ ይሆናል። በተቀባዩ ላይ ኮንትሮል ፓናል > ክሬደንሻል ማኔጀር > ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ ግቡ፣ የሰጪውን ስም ወይም አድራሻ የያዘውን አጥፉና እንደገና ግቡ። ፒን እየጻፋችሁ እንዳልሆነም አረጋግጡ።

*«በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የተጠቃሚ ስም አይፈቀድም» ይላል።* ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰጪ በሁለት ስም መግባትን አይቀበልም። የቀድሞውን ድራይቭ «ዲስኮኔክት» አድርጉ፣ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ግቡ።

*ሁሉም ፋይል ይከፈታል፣ አንዱ ብቻ እምቢ ይላል።* ያንን ፋይል ከዚያው ድራይቭ ቆርጣችሁ ወደ «የጋራ» አዛውራችሁት ይሆናል። በአንድ ድራይቭ ውስጥ የተዛወረ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኮፒ አድርጋችሁ መለጠፍ የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ያስይዘዋል።

*በ«ኔትወርክ» ዝርዝር ውስጥ አይታይም።* ዜድ የሚሠራላችሁ ከሆነ ተዉት። መታየቱን የግድ ከፈለጋችሁ በሰጪው ላይ ሰርቪስስ ውስጥ «ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የተባለውን «ኦቶማቲክ» አድርጋችሁ አስነሡ።

ማክና ሊኑክስ ካለ

ከማክ ለመግባት ፋይንደር ውስጥ ጎ > ኮኔክት ቱ ሰርቨር፤ የኤስኤምቢን ሦስት ፊደላት በላቲን ጽፋችሁ ://192.168.1.20 አስከትሉ። በሊኑክስ ፋይል ማኔጀሮችም አጻጻፉ ይኸው ነው። እዚህ ሰረዞቹ ወደ ፊት የሚያዘነብሉት ናቸው። ሰጪው ማክ ከሆነ ሲስተም ሴቲንግስ > ጀነራል > ሼሪንግ > ፋይል ሼሪንግ ውስጥ ገብታችሁ በ«ኦፕሽንስ» ሥር የተጠቃሚውን ስም ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ ዊንዶውስ ፓስዎርዱን አይቀበለውም። ሰጪው ሊኑክስ ከሆነ ሳምባ (ሊኑክስ ከዊንዶውስ ጋር ፋይል የሚጋራበት ፕሮግራም) የራሱን ፓስዎርድ ለብቻው እንደሚይዝ አትርሱ፤ የኮምፒውተሩን መግቢያ መስጠት ብቻ አይበቃም።

ምን ሼር እንደተደረገ ለማየትና ለመዝጋት

በሰጪው ላይ ስታርት ምልክት ላይ ራይት ክሊክ > ኮምፒውተር ማኔጅመንት > ሼርድ ፎልደርስ > ሼርስ። ስማቸው በዶላር ምልክት የሚያልቁትን ዊንዶውስ ራሱ የፈጠራቸው ስለሆኑ አትንኩ። የማታውቁት ሌላ ስም ካያችሁ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ስቶፕ ሼሪንግ» በሉ፤ ፎልደሩና ፋይሎቹ ከኔትወርኩ ላይ ይወርዳሉ እንጂ ከዲስኩ አይጠፉም። አንድ ሰው ብቻ እንዳይገባ ከፈለጋችሁ ግን የ«ተጋሪ»ን ፓስዎርድ ለውጡና ለቀሩት አዲሱን ስጡ።